ቢጫ አበባ የተሳለበት ብልቃጥ

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ ከወለደች ሁለት ወር ሆኗታል። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አካባቢ ነው። አርባ ቀን እስኪሞላት ገንፎውም ጠያቂውም አልጎደለባትም። ቤቱ ጭር ካለ ወዲህ ግን ሲመሽ ታለቅሳለች፤ ሕፃኑ ቢተኛም እሷ አትተኛም፣ «ትንፋሹ ቆመ» እያለች ሌሊቱን ሙሉ ትነካካዋለች። ጎረቤታችን ጥቁር አዝሙድ በማር አዘዙላት። ዘመዳችን ደግሞ ከጅቡቲ ቢጫ አበባ የተሳለበት የእንክብል ብልቃጥ አመጣላት፤ ስሙ ሴንት ጆንስ ዎርት ነው፣ ከዕፅ ስለተሠራ አይጎዳም አለን። ጡት ታጠባለች፤ ክንዷ ላይም የወሊድ መቆጣጠሪያ ተቀብሮላታል። ብትጀምረው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ እንክብሉን አታስጀምሯት። ይህ ተክል ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ ሊረዳ እንደሚችል በጥናት ስለታየ ዘመድዎ የሰሙት ወሬ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሆኖም ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ሰባብሮ የሚያስወግድበትን ፍጥነት ስለሚጨምር ክንዷ ላይ የተቀበረው ሆርሞን በደሟ ውስጥ እንዲቀንስና ሳታስበው እንድታረግዝ ሊያደርጋት ይችላል። ነገ ሐኪም የድባቴ መድኃኒት ቢያዝላትና ሁለቱን አብራ ብትወስድ ደግሞ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን የሚያስከትል አደገኛ ችግር ሊገጥማት ይችላል።

ጥቁር አዝሙድ በምግብ ውስጥ እንደ ቅመም ቢገባ አያሳስብም፤ ለአራስ ድባቴ ግን ሕክምና አይሆንም። ማሩን እሷ ትብላ እንጂ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን አፍ እንዳይነካ።

ከሁሉ በፊት ደሟ ይታይ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት በብረት እጥረት ሳቢያ ልትዝል፣ ልትነጫነጭና ልትከፋ ትችላለች፤ ከወሊድ በኋላ የሚታወክ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢም ጭንቀትንና እንቅልፍ ማጣትን ያስመስላል። የብረት እንክብል ከታዘዘላት ከሻይና ከቡና አርቃ፣ ቢቻል በብርቱካን ጭማቂ ትዋጠው። ስለ ጫት አልጻፉልኝም፤ ስለማትቅም ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀትን ያባብሳል፣ በጡት ወተትም ወደ ሕፃኑ ያልፋል።

በወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚመጣው ሆደ ባሻነት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይለቃል፤ የእህትዎ ግን ሁለት ወር ዘልቋል። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከሚወልዱ ሴቶች ከመቶ 20 የሚጠጉት የአእምሮ ጤና መታወክ፣ በተለይም ድባቴ፣ እንደሚያጋጥማቸው ይገልጻል፤ ስለዚህ «ዓይን ነው» ብላችሁ አትለፉት። የምክር ሕክምና አለ፤ እንደ ሰርትራሊን ያለ፣ ወደ ወተት የሚያልፈው መጠን በጣም አነስተኛ የሆነ መድኃኒትም አለ። እስከዚያው እርስዎ ወይም ባለቤቷ ሕፃኑን ተቀብላችሁ ሌሊት አራት ሰዓት ያህል ሳትቀሰቀስ እንድትተኛ አድርጉ፤ ይህን ከየትኛውም እንክብል አስበልጠዋለሁ። ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለመጉዳት ከተናገረች፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ብቻዋን ሳትተዉ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዷት።

የሕፃኑ የ10ኛ ሳምንት ክትባት ሳይደርስ አልቀረም። ቀኑን ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ብልቃጡንም ሳትደብቁ ይዛችሁ ለባለሙያው አሳዩ።