የትኛው ተክል ለየትኛው መስኮት? ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ መሀል ከተማ የቤት ውስጥ ተክል የምታሳድጉ ወዳጆች የላካችኋቸው ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ መስኮቴ በየት አቅጣጫ እንደሚያይ እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ እንጦጦን ይፈልጉ። ተራራው ያለበት ሰሜን ነው። የማለዳ ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ካለዎት ታድለዋል፤ አብዛኛው ተክል እዚያ ይስማማዋል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ የደቡብ መስኮት ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል ሲባል አነባለሁ። የእኔ ግን በክረምት ዝር አይልበትም። ለምን?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ አስተውለዋል ማለት ነውና። ያነበቡት ምክር ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ቤቶች የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ነው። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡባችን። የእርስዎ መስኮት ፀሐይ የሚጠግበው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በተለይ በታኅሣሥ ፀሐይዋ ዘንበል ስለምትል ወደ ክፍሉ ዘልቃ ትገባለች። ያን ጊዜ እሬትና ቁልቋል መስኮቱ ሥር ይደላቸዋል። ሞንስቴራ (ሰፊና የተሰነጣጠቀ ቅጠል ያለው ተክል) ካለዎት ግን ስስ መጋረጃ ይጋርዱለት፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትወጣ ፀሐይ ቅጠል ታቃጥላለች። የሰሜን መስኮት በክረምት ተራው ቢደርሰውም ደመናው ፀሐዩን ይጋርድበታል፤ ለእሱ ሳንሰቬሪያ (ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆም) ወይም ፖቶስ (ሐረግ የሚዘረጋ ተክል) ይበጀዋል።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ከጎናችን ፎቅ ከተሠራ ወዲህ የፖቶሴ ሐረግ ይረዝማል፤ አዲሱ ቅጠል ግን ትንንሽ ነው።

መልስ፦ ብርሃን አንሶታል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ተክሉ ባለበት ቦታ ነጭ ወረቀት ያኑሩና እጅዎን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው ይዘርጉበት። የጣቶችዎ ጥላ ተለይቶ ከታየ ብርሃኑ ብዙ ነው፤ ከደበዘዘ መካከለኛ፤ ጥላ ጭራሽ ከሌለ ግን ቦታው ለተክል አይሆንም። ወደ መስኮቱ ያስጠጉት። ውኃውንም ይቀንሱ፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ ሥሩ ይበሰብሳል። ብዙ ተክል የሚሞተው በዚህ ነው፤ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጤና አዳም ሳሎን ውስጥ ይበቅላል?

መልስ፦ አይመከርም። ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በረንዳ ላይ ያውጡት። በሶብላም እንደዚያው።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ፊከሴን ከበረንዳ ወደ ሳሎን ባስገባሁት ሳምንት ቅጠሉ ረገፈ። ልመልሰው?

መልስ፦ ሳሎኑ ደማቅ ብርሃን ካለው አይመልሱት። ፊከስ ቦታ ሲቀየርበት ቅጠል ማራገፍ ልማዱ ነው። ቅርንጫፉን በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ፤ እንደገና ያቆጠቁጣል።