ፑራናን ከየት ልጀምር ላልሽው እህቴ

«የሂንዱዎቹን ፑራናዎች ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ግን ብዛታቸው ግራ አጋባኝ፣ አንዱ ያለውን ሌላው ያፈርሰዋል፣ ትክክለኛው የትኛው ነው፣ ከየትስ ልጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። ፑራና ማለት የአማልክትና የነገሥታት ታሪክ የያዘ የሂንዱዎች ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ለማስተርስ ሁለት ዓመት ሕንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ ስለኖርኩ እዚያ ያየሁትን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል።

እኔም መጀመሪያ እንዳንቺ ነበርኩ። ከፑራናዎቹ አንዱ የሆነውን የባጋቫታ ፑራናን የእንግሊዝኛ ትርጉም ገዛሁና ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት አልገፋሁበትም። የነገሥታት የዘር ሐረግ፣ የዓለም አፈጣጠር፣ ታሪክ ውስጥ ሌላ ታሪክ፣ አንዱ ተራኪ ሌላው የነገረውን ይተርካል፣ ያም ደግሞ ከሌላ የሰማውን ነው። ማን እያወራ እንደሆነ ሁሉ ጠፋብኝ። ዘግቼ አስቀመጥኩት።

መንገዱን ያሳዩኝ የአከራዬ እናት ናቸው። ሁሉም ሰው አጂ ይላቸዋል፣ በአገሬው ቋንቋ በማራትኛ አያቴ እንደማለት ነው። መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አዩትና በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት «ይሄ እኮ ተቀምጠው የሚያዳምጡት ነው» አሉኝ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ሰባት ቀን ሙሉ ባጋቫታ ሲነበብ ይዘውኝ ሄዱ። ሳፕታህ ይሉታል። ለምን ሰባት ቀን? መልሱ እዚያው ታሪኩ ውስጥ አለ። ንጉሥ ፓሪክሺት በሰባት ቀን ውስጥ እባብ ነድፎት እንዲሞት ተረግሟል። የቀረችውን ጊዜ ጋንጅስ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሹካዴቫ የሚባል ወጣት መናኝ የሚተርክለትን ሲሰማ አሳለፈ። መጽሐፉ ማለት ያ ትረካ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የተቀመጠው ንጉሡ ቦታ ላይ ነው። ይሄ የገባኝ ቀን መጽሐፉን በሌላ ዓይን አየሁት።

አንባቢው ሳንስክሪቱን በዜማ ይልና በማራትኛ ያፍታታዋል። ክሪሽና የሚባለው አምላክ ሕፃን ሆኖ የሚወለድበት ክፍል ላይ ሲደርስ የሕፃን አልጋ መጣ፣ ሴቶቹ እያወዛወዙ ዘመሩ፣ አጂ አለቀሱ። ታሪኩን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል እኮ! ድሮ ከሁሉ ቅዱስ የሚባሉትን የቬዳ መጻሕፍት መማር ለሴቶችና ዝቅ ተደርጎ ለሚታየው ወገን አይፈቀድም ነበር። ፑራናን መስማት ግን ለሁሉም ክፍት ነበር። ለዚህ ይመስለኛል ኩሽና ድረስ የገባው ፑራናው የሆነው።

እና አንቺም ከመጀመሪያው አትጀምሪ። ባጋቫታ 12 ክፍል አለው፣ 10ኛውን አንሺ፣ የክሪሽና ልጅነት እዚያ ነው። አንዱን ልንገርሽ። ጓደኞቹ «አፈር በላ» ብለው እናቱ ያሾዳ ዘንድ ያሳብቁበታል። «አፍህን ክፈት» ትለዋለች። ሲከፍት ሰማዩን፣ ተራራውን፣ ባሕሩን፣ ከዋክብቱን፣ መንደሯን፣ ራሷንም ጭምር አፉ ውስጥ ታያለች። ትደነግጣለች። እሱ ግን ወዲያው ያየችውን ያስረሳታል፣ ታቅፈዋለች፣ እንደበፊቱ ልጇ ይሆናል። እኔን የሚነካኝ ማስረሳቱ ነው። ባይረሳት ኖሮ ትሰግድለት ነበር እንጂ እንደ ልጅ አትቆጣውም፣ አታቅፈውም።

ይሄው ልጅ ቅቤና እርጎ ሰራቂ ነው። ነሐሴ ገደማ በክሪሽና ልደት በዓል ሰሞን ፑኔ ውስጥ እርጎ ያለበት ሸክላ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፣ ወጣቶች አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እየወጡ ይሰብሩታል። እኛ ስንክሳርን በዕለቱ እንደምንሰማው ሁሉ እነሱም ታሪኩን ከበዓሉ ጋር ነው የሚያውቁት። አንቺም ከተቻለሽ በዓሉን ጠብቀሽ የዚያን በዓል ታሪክ አንብቢ።

መጋጨቱን በተመለከተ፣ ትክክል ነሽ፣ ይጋጫሉ። ታላላቆቹ 18 ናቸው ይባላል፣ ትውፊቱ ሁሉንም ቪያሳ ለሚባል ጥንታዊ ጠቢብ ይሰጣል፣ ተመራማሪዎች ግን በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ በብዙ እጅ እየተጨመረባቸው እንዳደጉ ይናገራሉ። ከታላላቆቹ አማልክት ቪሽኑን የሚያመልክ ወገን የጻፈው ቪሽኑን ያስበልጣል፣ ሺቫን የሚያመልከው ሺቫን። የሺቫ ልጅ ጋኔሻ የዝሆን ራስ ያገኘበትን ታሪክ ውሰጂ። በሺቫ ፑራና የልጁን ራስ የቆረጠው ሺቫ ነው፣ በብራህማቫይቫርታ ፑራና ግን ሻኒ የሚባል አምላክ ስላየው ነው ራሱ የወደቀው። አጂን «የትኛው ነው እውነቱ?» አልኳቸው። «ሁለቱም፣ ያኛው በሌላ ካልፓ የሆነ ነው» አሉኝ። ካልፓ የፈጣሪው አምላክ የብራህማ አንድ ቀን ነው፣ በሰው አቆጣጠር 4.32 ቢሊዮን ዓመት። ዓለም ደጋግማ ትፈጠራለች፣ ታሪኩም በየጊዜው ትንሽ ተለውጦ ይደገማል። የሳቸው ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የቆየ ማብራሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ልዩነቱን እንደ ስህተት መቁጠር ተውኩ፣ ማን ለማን እንደሚተርከው መከታተል ጀመርኩ።

ከ10ኛው ክፍል ቀጥሎ ዴቪ ማሃትምያን እመክርሻለሁ። ከማርካንዴያ ፑራና የወጣ ነው፣ ዱርጋ የምትባለው እንስት አምላክ የጎሽ መልክ ያለውን ጋኔን ማሂሻሱራን የምትገድልበት። 13 ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ አይከብድሽም፣ በናቫራትሪ በዓል ዘጠኝ ሌሊቶች የሚነበበውም እሱ ነው። ስካንዳ ፑራና የሚባለውን ግን ለጊዜው ተይው። 81,000 ስንኝ ነው የሚባለው፣ አጂ ራሳቸው ሙሉውን ሰምተውት አያውቁም።