የሰፈር ጀግኖችና ዓለም አዳኞች፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ኮሚኮች (በሥዕል በሚተረኩ የታሪክ መጽሔቶች) ውስጥ የሰፈራቸውን ቀማኛ በሚያሳድዱ ጀግኖችና ከሕዋ የመጣ ወራሪን በሚመክቱ ጀግኖች መካከል ስላለው ልዩነት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድን ጀግና «የሰፈር ጀግና» የሚያሰኘው የኃይሉ ማነስ ነው?

አይደለም። ስፓይደርማን መኪና የሚያነሣ ጉልበት አለው፤ ሆኖም በ1962 ከተፈጠረ ጀምሮ ታሪኩ የሚያጠነጥነው፣ ማስቆም ሲችል ዝም ብሎ ባሳለፈው ሌባ እጅ አጎቱ በመገደላቸው ላይ ነው። ባትማን በአንጻሩ ከሰው የተለየ ኃይል ሳይኖረው ጀስቲስ ሊግ ከተባለው የጀግኖች ቡድን ጋር ተሰልፎ ምድርን ያድናል። እኔ የምመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ ጀግናው የሚከላከልለት ሰው ስምና አድራሻ አለው ወይ? ወንጀሉስ ነገ ተመልሶ የሚመጣ ዓይነት ነው ወይ? የወራሪዎች መርከብ ከወደቀ ታሪኩ ይዘጋል፤ ከባለ ሱቆች በማስፈራራት ገንዘብ የሚሰበስብ ወሮበላ ግን ቢታሰርም ሌላው ይተካዋል።

ጥያቄ፦ ሱፐርማን ከመጀመሪያውም ዓለም አዳኝ ነበር?

አልነበረም፤ ብዙ አንባቢ ይህን አለማወቁም ያሳዝነኛል። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 ያወጡት ሱፐርማን መብረር አይችልም ነበር፤ የሚዘለው ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይትም ቆዳውን ሊበሳው ይችል ነበር። በዚያ የመጀመሪያ እትም ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ለማዳን በሌሊት የአገረ ገዢውን ቤት በር ሰብሮ ይገባል፤ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ይቀጣል፤ ከአንድ የምክር ቤት አባል ጋር በምስጢር የሚዶልተውን ደላላ ደግሞ ተሸክሞት በስልክ ሽቦ ላይ ይሮጣል። በሦስተኛው እትም ለሠራተኞቹ ደኅንነት ደንታ የሌለውን የማዕድን ማውጫ ባለቤት፣ ከነእንግዶቹ በገዛ ጉድጓዱ ውስጥ እንዲቀረቀር ያደርገዋል። ዘመኑ የኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ስለነበረ፣ ሁለቱ ወጣቶች ሊመቱት የፈለጉት ሌላ ፕላኔት ላይ ያለ ጠላት ሳይሆን በጋዜጣ የሚያነቡት በደል ነበር።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ እየጨመረ ሲሄድ ተራ ወንጀለኛ የማይመጥነው ሆነ። በ1954 የወጣው የኮሚክ አሳታሚዎች የሥነ ምግባር ደንብም ፖሊሶች፣ ዳኞችና የመንግሥት ባለሥልጣናት ንቀት በሚያስከትል መልኩ እንዳይቀርቡ ከለከለ። ሙሰኛ ሹም ጠላት መሆኑ ሲቀር ከሕዋ የሚመጣ ጭራቅ ቦታውን ቢይዝ አያስገርምም።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት ያገናኘ ታሪክ አለ?

አለ፤ በዴኒ ኦኒል ተጽፎ በኒል አዳምስ የተሳለው የ1970ው የግሪን ላንተርንና የግሪን አሮው እትም ነው። ግሪን ላንተርን በሌሎች ዓለማት ጭምር የሚዘዋወር የሕዋ ጠባቂ ሲሆን፣ ግሪን አሮው ቀስተኛ የከተማ ጀግና ነው። ግሪን ላንተርን ከሰማይ ሲወርድ አንድ ወጣት ሱፍ የለበሰ ሰው ሲገፈትር ያይና ወጣቱን ይይዛል፤ ወዲያው የሰፈሩ ሰው ቆርቆሮና ቆሻሻ ይወረውርበታል። ለካስ ሱፍ የለበሰው ሰው ተከራዮቹን ሊያፈናቅል የተነሣ የቤት ባለቤት ኖሯል። ከዚያም አንድ ጥቁር አዛውንት ቀርበው፣ በሌሎች ዓለማት ላሉ ሰማያዊና ብርቱካናማ ፍጥረታት ይህን ያህል ሲደክም በገዛ ምድሩ ለሚኖሩ ጥቁሮች ምን እንዳደረገ ይጠይቁታል። መልስ አጥቶ አንገቱን ይደፋል። ምድርን በጅምላ ማዳን አንድን ሰው ከቤቱ እንዳይፈናቀል ከማድረግ ጋር አንድ እንዳልሆነ ከዚህ ገጽ በላይ ያስረዳኝ የለም።

ጥያቄ፦ አቬንጀርስ ኒው ዮርክ ውስጥ እያሉ ለምን ተራ ወንጀል አይከላከሉም?

ከዚህ የባሰ ጥያቄ አለ፦ እነርሱ ተዋግተው ሲሄዱ ፍርስራሹን ማን ያነሣል? አቬንጀርስ የተባለው የጀግኖች ቡድን ከሕዋ የመጡ ወራሪዎችን ኒው ዮርክ ውስጥ የሚዋጋበት የ2012ቱ ፊልም በድል ያልቃል። ቀን ጠበቃ ማታ ጀግና ስለሆነው ዴርዴቪል የሚተርከው፣ በ2015 የጀመረው ተከታታይ ፊልም ግን ዊልሰን ፊስክ የተባለ የወንጀል አለቃ ከመልሶ ግንባታው ሥራ እንዴት እንደሚከብር ያሳያል። በዚያ ውስጥ ኤሌና ካርዴናስ የተባሉ ተከራይ አሉ፤ ጥገና እናደርጋለን ብለው የገቡ ሠራተኞች ቤታቸውን አፍርሰውባቸው ይሄዳሉ፤ ዓላማውም ተማረው እንዲለቁ ነው። በ2017ቱ የስፓይደርማን ፊልም ደግሞ ፍርስራሹን ለማንሣት ተዋውሎ የጭነት መኪና የገዛና ሠራተኛ የቀጠረ ሰው፣ ሥራው በአንድ ቀን ተነጥቆ ወደ ጦር መሣሪያ ንግድ ይገባል። ዓለም የዳነችበትን ዕዳ የሚከፍለው የሰፈሩ ሰው ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሉክ ኬጅ ለምን ገንዘብ ያስከፍላል?

ባልሠራው ወንጀል ታስሮ ያመለጠ፣ ሀብትም ደጋፊም የሌለው የሰፈር ጀግና ስለሆነ ነው። በ1972 ሲጀምር የመጽሔቱ ርእስ ራሱ ለቅጥር የቀረበ ጀግና መሆኑን ይገልጽ ነበር። እኔ ነውር አላይበትም።

ጥያቄ፦ የሰፈር ጀግና በመጨረሻ ድሃ ሌባ የሚደበድብ ሰው አይደለም?

ብዙ ደካማ ታሪኮች በእርግጥ እንደዚያ ናቸው፤ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። የሚሻሉት ግን ከመንገድ ላይ ወንጀለኛው ተነሥተው ወደ ላኪው ይወጣሉ። በ1986 ፍራንክ ሚለር ጽፎት ዴቪድ ማዙኬሊ በሳለው የዴርዴቪል ታሪክ፣ ኪንግፒን (ከላይ ያነሣሁት ዊልሰን ፊስክ) የጀግናውን ማንነት ሲያውቅ ገዳይ አይልክበትም፤ በመጀመሪያ የባንክ ሒሳቡን ያሳግደዋል፤ የጥብቅና ፈቃዱን ያሳጣዋል፤ ከዚያም ቤቱን ያፈነዳበታል። ቀን ቀን ጠበቃ የነበረው ማት መርዶክ፣ ማለትም ዴርዴቪል፣ ቤት አልባ ሆኖ በብርድ ሲንከራተት፣ ሲከላከልላቸው የነበሩት ሰዎች የሚኖሩትን ኑሮ ይኖረዋል። ቡጢ የማይደርስበት ወንጀል ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ከየት እንዲነሣ ይመክራሉ?

በ1938ቱ ሱፐርማን ጀምረው የ1970ውን እትም ያስከትሉ፤ የ1986ቱን ዴርዴቪል በመጨረሻ ያንብቡት። ይህ የመጨረሻው ሱሰኝነትንና ግድያን በግልጽ ስለሚያሳይ ለልጆች አይሰጥም።