የጃፓኑን ባንድ ኬሙሪን ከየትኛው ዘፈን ልጀምር ላልከው

በ«ፒኤምኤ» ጀምር።  ስካ ፓንክ (የጃማይካን ስካ ከፓንክ ሮክ ጋር የሚቀላቅለው የነሱ ስልት) ጩኸት ብቻ ይመስለኛል ብለሃል፤ ይሄን ስማና ፍረድ። ጊታሩ ይጣደፋል፣ ትራምፔቱና ትሮምቦኑ ግን ዜማውን አይለቁም።

ቀጥለህ «አቶ ኢቺኔን»ን ክፈት። የኛው «አቶ» እንዳይመስልህ፤ በጃፓንኛ «አንድ ዓመት ቀረ» እንደማለት ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። እንዲህ ዓይነት ባንድ ከጃፓን ውጪ ብዙ ሰው አለማወቁ ያናድደኛል።

ብቻ በስልክ ስፒከር እንዳትሰማቸው። እኔ መጀመሪያ እንደዛ ሰምቼ ቤዙ ጠፋ፣ ትራምፔቱም እንደ ቆርቆሮ ተንጫጫብኝ። «ይሄ ነው እንዴ?» ብዬ ለወራት ተውኳቸው። ኢርፎን አድርግ። ስትፈልጋቸው ደግሞ ከስማቸው ጎን «ስካ» ብለህ ጨምር፤ ኬሙሪ ማለት ጭስ ስለሆነ ሌላ ሌላው ይመጣብሃል።