ስቶሬ ውስጥ ሽጉጥ ታጥቆ የሚገባን ደንበኛ አትግባ ማለት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ትንሽ ኮንቪኒየንስ ስቶር አለን። አንድ ደንበኛ ሽጉጡን ወገቡ ላይ በግልፅ ታጥቆ ይመጣል፣ ማታ ካሽ ሬጅስተር ላይ የምትቆመው ልጅ ፈርታ ስራ ልልቀቅ እያለችኝ ነው። ልጄ የሽጉጥ ስዕል ላይ ቀይ መስመር ያለበት ስቲከር በሩ ላይ ለጠፈ፣ ሰውየው ግን እያየው ገባና መብቴ ነው፣ ኮንስቲቲውሽኑ ይፈቅድልኛል፣ ልታስቆሙኝ አትችሉም አለን። እውነቱን ነው? አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሱቅ ያለው ወንድሜ እኛ ጋ ስቲከሩ ይበቃል ይለኛል። ሌላው የማታ ሰራተኛችን ደግሞ እኔም የራሴን ይዤ ልምጣ ብሎኛል፣ እሱንስ መከልከል እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰውየው ተሳስቷል። ሰከንድ አሜንድመንት፣ ማለትም መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚጠብቀው የኮንስቲቲውሽኑ አንቀፅ፣ የሚያስረው መንግስትን ነው እንጂ አንቺን አይደለም። መንግስት መሣሪያ እንዳይዝ ሊከለክለው የሚችለው በጣም ተወስኖ ነው፣ አንቺ ግን የግል ስቶርሽ ውስጥ ማን ምን ይዞ እንደሚገባ መወሰን ትችያለሽ፣ በዚህ ላይ የቴክሳስ ሕግ ራሱ ከባለ ንብረቱ ጎን ነው የቆመው። ችግሩ የቴክሳስ ሕግ ክልከላውን እንዴት እንደምትነግሪው ላይ ድርቅ ያለ መሆኑ ነው፣ ልጅሽ የለጠፈው ስቲከርም የወደቀው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ላይሰንስ ያለው ሰው ሽጉጥ በግልፅ መታጠቅ የተፈቀደለት ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ ነው፣ ከሴፕቴምበር 1፣ 2021 ወዲህ ደግሞ 21 አመት የሞላውና መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለምንም ላይሰንስ መታጠቅ ይችላል፣ በግልፅ ከታጠቀ ግን ሽጉጡ ማህደሩ (ሆልስተር) ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ በርሽ ላይ የሚመጣው ሰው ሦስት አይነት ነው፣ ለሦስቱም ፒናል ኮዱ (የቴክሳስ የወንጀል ሕግ) የተለያየ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ላይሰንስ ኖሮት ደብቆ የያዘው 30.06፣ ላይሰንስ ኖሮት በግልፅ የታጠቀው 30.07፣ ያለ ላይሰንስ የያዘው ደግሞ 30.05 ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳይኑ ላይ የሚፃፈው ሕጉ ያስቀመጠው ጽሁፍ ቃል በቃል መሆን አለበት፣ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም፣ ፊደሎቹ ቢያንስ 1 ኢንች ቁመት ያላቸው፣ ከጀርባው ቀለም ጋር በደንብ የሚለዩ፣ ሰው በግልፅ በሚያየው ቦታ። ለ30.05 ጽሁፉ ተመሳሳይ ከሆነ ይበቃል። ስዕል ብቻ ያለበት ስቲከር ላይሰንስ ያለውን ሰው በሕግ አያስረውም፣ ሌላውም ላይ ቢሆን በሱ ተማምነሽ ፍርድ ቤት እንድትቆሚ አልመክርሽም። ሦስቱንም ሳይኖች ተዘጋጅተው ታገኛቸዋለሽ፣ ግዢና በእያንዳንዱ መግቢያ በር ላይ ለጥፊ፣ የኋላ በር ካለሽና ደንበኛ የሚገባበት ከሆነ እዛም።

አሁን ብዙ ባለ ስቶሮች የማያውቁትን ልንገርሽ፣ ከሳይኑ ሁሉ የሚበልጠው አፍሽ ነው። ሳይኑን አልፎ የገባ ሰው የሚጠብቀው እስከ 200 ዶላር ቅጣት ነው፣ ያው እንደ ትራፊክ ትኬት ማለት ነው። ግን አንቺ ወይም ሰራተኛሽ ፊት ለፊት እዚህ መሣሪያ ይዞ መግባት አይቻልም፣ እባክህ ውጣ ብላችሁት አልወጣም ካለ ነገሩ ክላስ ኤ ወንጀል ይሆናል፣ እስከ 1 አመት እስርና እስከ 4,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ሳይን ባይኖርሽ እንኳን የቃል ማስታወቂያው ብቻውን ይሰራል። ጠመንጃ ተሸክሞ የመጣም ካለ 30.06 እና 30.07 ስለ ሽጉጥ ብቻ ስለሚያወሩ እሱን የምታስወጪው በመደበኛው ትሬስፓስ (ያለ ፈቃድ የሰው ንብረት ውስጥ መግባት) ሕግ ነው፣ እዛም ላይ ውጣ ማለትሽ ነው ወሳኙ።

ትልልቆቹ ስቶሮች ያደረጉትን ሰምተሽ ይሆናል። ኦገስት 3፣ 2019 ኤል ፓሶ ዋልማርት ውስጥ በተከፈተው ተኩስ 23 ሰው ሞተ፣ ከወር በኋላ ዋልማርት ደንበኞቹ መሣሪያ በግልፅ ታጥቀው እንዳይገቡ ጠየቀ፣ ክሮገርም በዛው ቀን ተከተለው፣ ሲቪኤስና ዋልግሪንስም ቀጠሉ። ልብ በይ፣ ጠየቁ ነው ያልኩሽ። ላይሰንስ ኖሮት ደብቆ የያዘውን ዋልማርት አልነካውም፣ ሰራተኞቹም ከደንበኛ ጋር ግብ ግብ እንዳይገጥሙ ነበር የፈለገው። ያንን አካሄድ አከብረዋለሁ፣ ግን ልመና ብቻ ከሆነ ሰውየው እምቢ ሲል ፖሊስ የሚይዝበት ነገር የለውም። አንቺ ማታ አንድ ልጅ ብቻዋን የምታቆሚ ስለሆንሽ ሕጋዊ ጉልበት ያለው ክልከላ ያስፈልግሻል።

አነጋገሩ ላይ ግን በጣም አደራ። ለልጅቷ አስቀድማችሁ አስጠኗት፣ አንዴ፣ ድምፅ ሳትጨምር፣ ሰር፣ መሣሪያውን መኪናህ ውስጥ አስቀምጠህ ተመለስ፣ ደስ ብሎን እናስተናግድሃለን ትበለው። ብዙው ሰው በዚህ ይሄዳል። ካልሄደ ክርክር የለም፣ ስለ ኮንስቲቲውሽን ሌክቸር ቢሰጣትም ትስማው፣ ከካውንተር ኋላ ሆና 911 ትደውልና ውጣ ተብሎ አልወጣም ያለ የታጠቀ ሰው እንዳለ ትናገር። ማንም እጁን እንዳይነካው፣ እናንተም ሽጉጥ እንዳታወጡ፣ ተከትላችሁ ፓርኪንግ እንዳትወጡ። ካሜራችሁ ድምፅም የሚቀዳ ከሆነ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰውየው ሽጉጡን ከመዘዘ ወይም ካስፈራራ ግን ይሄ የትሬስፓስ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፣ ፖሊሲ የሚባለውን ትርሳውና ራሷን ታድን። ልጅቷ አንቺ የምታዢያት ስለሆነች ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅ ስለሆነች፣ ብቻዋን ስትሆን ተናገሪ ብለሽ አታስገድጃት፣ ካስፈራት በቀጥታ ትደውል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ክልከላው ለሁሉም እኩል ይሁን፣ ነጩን ደንበኛ አሳልፈሽ ጥቁሩን ወይም ስፓኒሹን ብቻ ካስወጣሽ ጉዳዩ የዘር መድልዎ ሆኖ የፌደራል ክስ ሊያመጣብሽ ይችላል። ፖሊስን ደግሞ ስራ ላይ ሆነም አልሆነ መሣሪያ ይዘህ አትግባ ማለት አትችዪም።

ወንድምሽ ስለ ራሱ ስቴት ያለው ልክ ነው። ቨርጂኒያ እንደ ቴክሳስ የጽሁፉን ቃል አትቆጥርም፣ በቃል፣ በጽሁፍ ወይም በግልፅ በተለጠፈ ሳይን ከተከለከለ በኋላ የገባ ሰው በትሬስፓስ ይጠየቃል፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። የሱን ምክር ቴክሳስ አምጥተሽ ስለሰራሽበት ነው የተቸገርሽው።

ሰራተኛሽን ስቶሩ ውስጥ ታጥቀህ አትስራ ማለት ትችያለሽ፣ በጽሁፍ ስጪውና አስፈርሚው። ግን በሕጋዊ መንገድ የያዘውን ሽጉጥ ፓርኪንግ ላይ በቆለፈው የገዛ መኪናው ውስጥ እንዳያስቀምጥ መከልከል አትችዪም፣ የቴክሳስ የሰራተኛ ሕግ ይሄን ለይቶ ጠብቆለታል። ስለዚህ ፖሊሲውን ስትፅፊ ከስቶሩ በር ወደ ውስጥ ብለሽ ፃፊው፣ በግቢው በሙሉ የሚል ቃል እንዳትጨምሪበት፣ ፓርኪንጉ የአከራይሽ ከሆነ እዛ ላይ ሳይን ከመትከልሽ በፊትም ሊዙን (የኪራይ ውልሽን) አውጥተሽ አንብቢው።