ለአባቴ እግር ከአሜሪካ ክኒን ይላክልን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 61 ዓመቱ ነው፤ አሞራ ገደል ዓሣ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ውስጥ እግሩ ላይ፣ ተረከዙ አጠገብ፣ ጥቁር ምልክት ከወጣበት ዓመት አለፈው። አያመውም፤ ግን እየሰፋ ነው፣ ሰሞኑን ጠርዙ ይደማል። ጎረቤት «እሾህ ነው» ይላል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ፎቶውን አይቶ «የቆዳ ካንሰር ይመስላል፤ ቢራፍ የሚባለውን የሚያቆም ክኒን አለ፣ አፈላልጌ ልላክ» አለን። ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር ይይዘዋል እንዴ? — ት.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ክኒኑ ይቆይ። አባትሽን በዚሁ ሳምንት ለቆዳ ሐኪም አሳዪያቸው።

አዎ፣ ይይዘዋል። ቀለማችን ከፀሐይ ይከላከልልናል፤ ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር የሚወጣው ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ግን ዋና መንስኤው ፀሐይ አይደለም። ሻሸመኔ ድረስ መጥቶ የነበረውን ቦብ ማርሌን የገደለው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ተገኘበት፣ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ወንድምሽ የሚለው መድኃኒት በእርግጥ አለ። ሴል ዝም ብሎ አይባዛም። «ተባዛ» የሚል መልእክት ከውጭ ሲደርሰው ራስ፣ ራፍ፣ ሜክና ኤርክ የሚባሉ ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ የሴሉ እምብርት (ኒውክለሱ) ድረስ ያደርሱታል። ቢራፍ ከራፎቹ አንዱ ነው። ፕሮቲኑ ከተሠራባቸው ቅንጣቶች 600ኛው (አሚኖ አሲዱ) ሲለወጥ፣ ማጥፊያው እንደተበላሸ መብራት፣ መልእክት ሳይመጣለትም በርቶ ይቀራል። ይህ በሜላኖማ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ቬሙራፌኒብ የተባለው ክኒን አሜሪካ ውስጥ በ2011 ተፈቀደ።

ለውጡ የሚበዛው ግን ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ከሜላኖማቸው ግማሽ ያህሉ ይህ አለበት። በውስጥ እግሩ ሜላኖማ ያንሳል፤ በአንዳንዱ የተበላሸው ኪት የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የሚከተለው ነው፦ ቢራፉ ጤነኛ በሆነ ሴል ውስጥ ክኒኑ መልእክቱን ማቆሙ ቀርቶ ሊያጣድፈው ይችላል። በሐኪም ትእዛዝ ከወሰዱት መካከል እንኳ ስኩዌመስ የሚባለው ሌላ የቆዳ ካንሰር የወጣባቸው ሰዎች አሉ፤ ሰበቡ ይኸው ነው። ቤዛል ሴል የሚባለው ደግሞ ሄጅሆግ በተባለ በሌላ የመልእክት መስመር ይነሣል፣ የራሱ ክኒን አለው። ፎቶ አይቶ የትኛው መስመር እንደተበላሸ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ሐኪሙ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ለፓቶሎጂ፣ ማለት ሥጋው በማይክሮስኮፕ ለሚመረመርበት ክፍል፣ ይልካል። ሜላኖማ ሆኖ ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ዋናው ሕክምና ቆርጦ ማውጣት ነው፤ የዘረመል ምርመራውና የክኒኑ ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ጎረቤታችሁን አላጣጥልም፣ ግን ዓመት ሙሉ እየሰፋ የሚሄድ እሾህ አላጋጠመኝም። በምላጭ አትፋቁት፣ አታስተኩሱት፤ ለምርመራው የሚያስፈልገው ሥጋ ይበላሻል። ወንድምሽ መላክ ከፈለገ፣ ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ ይላክ።