የፕሮሰሰር ክዳን መንቀል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዛሁ፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7 4770 ነው። ቪዲዮ ሳቀናብር 97 ዲግሪ ይደርሳል። ክዳኑን (ቺፑን የሚሸፍነውን ብረት) ልንቀለው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሙቀቱ የት እንደታገደ እወቅ። ሥራ ሲበዛበት በሁለት ሦስት ሰከንድ ከ90 ካለፈና ሂትሲንኩ (ክዳኑ ላይ የተጫነው ማቀዝቀዣ ብረት) ሲነካ ለብ ብቻ ካለ፣ ሙቀቱ እዚያ አልደረሰም። በክዳኑና በሂትሲንኩ መካከል ያለውን የደረቀ ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርገህ በአዲስ ቀይር፤ አሁንም ያው ከሆነ ችግሩ ክዳኑ ሥር ነው። ሂትሲንኩ ራሱ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ክዳን መንቀል አይጠቅምህም፤ አቧራውን አራግፍ፣ ፋኑን ቀይር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ፕሮሰሰሩን ይወቅሳል።

ጥያቄ፦ የትኞቹ ይከፈታሉ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 3ኛ ትውልድ እስከ 8ኛው ድረስ ያሉት የኢንቴል አይ5 እና አይ7 የተለመዱ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ክዳናቸው ሥር ፔስት ነው። አይ7 2600 እና አይ9 9900ኬ ክዳናቸው ከቺፑ ጋር ኢንዲየም በተባለ ብረት የተበየደ ነው፤ በጉልበት ከተነቀሉ ቺፑ አብሮ ይሰነጠቃል። የኤኤምዲው ራይዘንም አብዛኛው ብየዳ ነው፣ አትንኩት።

ጥያቄ፦ መክፈቻ መሣሪያ አጣሁ። በሞርሳ ይሆናል? በምላጭስ?

መልስ፦ ምላጩን ተወው። 4770 ክዳን ሥር፣ ከቺፑ ጎን የተደረደሩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ ምላጩ ትንሽ ጠለቅ ካለ ይነቅላቸዋል። በሞርሳ ግን ይቻላል። አንዱ መንጋጋ የክዳኑን ጠርዝ ብቻ፣ ሌላው በተቃራኒው በኩል ቺፑ የተተከለበትን የአረንጓዴውን ሰሌዳ ጠርዝ ብቻ ይግፋ። ማጣበቂያው እንዲለሰልስ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው፤ ከሥሩ ፎጣ አንጥፍ። በጣም በቀስታ አጥብቅ፣ ጧ ሲል ወዲያው አቁም። የ6ኛና 7ኛ ትውልድ ሰሌዳ ቀጭን ስለሆነ በሞርሳ ይጎብጣል፤ ለእነሱ መክፈቻው እስኪገኝ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ ክዳኑ ሥር ያለውን አሮጌ ፔስት በሳኒታይዘር ላጽዳው?

መልስ፦ አይሆንም፣ ግሊሰሪኑ ይቀራል። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ተጠቀም።

ጥያቄ፦ በቺፑና በክዳኑ መካከል ሊኩዊድ ሜታል ወይስ ፔስት?

መልስ፦ ሊኩዊድ ሜታል (ጋሊየም ያለበት ፈሳሽ ብረት)፤ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል። ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አስቀድመህ ከቺፑ ጎን ያሉትን ክፍሎች ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀብተህ አድርቅ። ከማሽላ ፍሬ ያነሰች ጠብታ ቺፑ ላይ፣ የቀረውን ስስ አድርገህ ክዳኑ ውስጥ በትክክል ቺፑ በሚነካው ቦታ ቀባ። ከተንጠባጠበ በዝቷል ማለት ነው። አሉሚኒየም ጋ እንዳይደርስ፤ ጋሊየሙ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ክዳኑን መልሼ ስዘጋው ምን ያህል የሲሊኮን ማጣበቂያ ላድርግ?

መልስ፦ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ፋብሪካው የቀባው ማጣበቂያ ወፍሮ ክዳኑን ከቺፑ ከፍ አድርጎ ስለያዘው ነው ሙቀቱ የታገደው። አሮጌውን ማጣበቂያ ከሰሌዳውም ከክዳኑም በጥፍርህ ወይም በፕላስቲክ ካርድ ሙልጭ አድርገህ ፋቅ። ከዚያ አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አድርግ፤ ዙሪያውን አትድፈነው፣ አየር መውጫ ይፈልጋል። ሶኬቱ ውስጥ አስገብተህ ማቀፊያውን ቆልፍ፤ ስትቆልፍ ክዳኑ እንዳይንሸራተት በጣትህ ያዘው። እስከ ማግስቱ ተወው።

ጥያቄ፦ ከዘጋሁት በኋላ ማሽኑ አልነሳም።

መልስ፦ ፕሮሰሰሩን አውጥተህ የሶኬቱን እግሮች በባትሪ መብራት ከጎን እያየህ መርምር፤ አንዱ ከተጣመመ ከሌሎቹ መስመር ወጥቶ ይታያል። እነሱ ደህና ከሆኑ ክዳኑን ድጋሚ ከፍተህ ሜታሉ ፈስሶ እንደሆነ እይ። ጠርገህ ሳትጨርስ ፓወር አትስጥ።